ሄክቶር ለምን ሮጠ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንዴት ከረሙ? የትሮይን ጦርነት መጀመሪያ ያወቅኩት በፊልም ነው። እዚያ ልዑል ሄክቶር ከቅጥሩ ወጥቶ፣ የግሪኮቹን ጀግና አኪለስን ፊት ለፊት ገጥሞ ነው የሚሞተው። ሰሞኑን የጥንቱን ግሪካዊ ገጣሚ የሆሜርን ኢሊያድ ሳነብ ግን ሰውዬው እግሬ አውጪኝ ብሎ ይሮጣል፤ ያውም ከተማዋን ሦስት ጊዜ ዞሮ! ታናሽ ወንድሜ «ፈሪ ነው፣ በቃ» አለኝ። እኔ አይደለም ብዬ ማኪያቶ ተወራርደናል። ይፍረዱን።
አንባቢዎ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ደህና ከርሜያለሁ፣ ልጄ። እኔም በወጣትነቴ እዚያ ቦታ ስደርስ ተናድጄ መጽሐፉን ዘግቼው ነበር። ከ24ቱ ክፍሎች 21ዱን ሙሉ የደገፍኩት ሰው 22ኛው ላይ ጉድ ሠራኝ!

መጀመሪያ ለምን ውጭ እንደቀረ እንይ። ሠራዊቱ ሸሽቶ ከተማ ገብቷል። በሩ ላይ የቀረው እሱ ብቻ ነው። አባቱ ንጉሥ ፕሪያም ቅጥሩ ላይ ሆኖ ፀጉሩን እየነጨ ይለምነዋል። እናቱ ሄኩባ ጡቷን አውጥታ ግባልኝ ትለዋለች። «በጠባኸው ጡት» የሚለውን ልመና ላንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

አልገባም። ይሉኝታ ያዘው። ከዚያ በፊት በነበረው ማታ ፖሊዳማስ የሚባል ጓደኛው ከውጊያ ርቆ የቆየው አኪለስ ተነሥቷል፣ ሰዉን ወደ ከተማ እናስገባ ቢለው እምቢ ብሎ ነበር። በማግስቱ ስንቱ አለቀ። አሁን ቢገባ መጀመሪያ የሚወቅሰው ፖሊዳማስ ነው። ከእሱ የሚያንሰው ሁሉ ጉልበቱን ተማምኖ ሕዝቡን አስጨረሰ ይለዋል። ይህን እያወጣ እያወረደ ጋሻውን ግንቡ ላይ አስደግፎ ቆመ። ትጥቄን ፈትቼ፣ ጦርነቱ የተነሣባትን ሔለንን ከነንብረቷ መልሼ ብታረቅስ ብሎም አስቧል።

ከዚያ አኪለስ ደረሰ። የለበሰው ነሐስ እንደ እሳት ያበራል። ሄክቶር ተንቀጠቀጠ፤ ሮጠ። ሆሜር አያስተባብልለትም።

ሲሯሯጡ ሁለት ምንጮች ጋ ይደርሳሉ። አንዱ ሙቅ ነው፣ ይጨሳል። ሌላው በበጋ እንኳ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። አጠገባቸው የድንጋይ ገንዳዎች አሉ፤ በሰላሙ ጊዜ የትሮይ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡባቸው። እኔ ወንዝ ዳር ልብስ ሲታጠብ እያየሁ ስላደግሁ እዚህ ጋ ሁሌም ቆም እላለሁ። ሰውዬው ለነፍሱ የሚሮጠው የሰፈሩ ሴቶች ልብስ ሲያሰጡ በኖሩበት ቦታ ነው።

እንግዲህ ወንድምህ የሮጠበትን ይዟል። እኔ የቆመበትን ልያዝ። አኪለስን የምትረዳው እንስት አምላክ አቴና የሄክቶርን ወንድም የዴይፎቡስን መልክ ይዛ መጣችና አብረን እንግጠመው አለችው። አመናት። ጦሩን ወረወረ፤ የአኪለስ ጋሻ መለሰው። ሌላ ጦር አቀብለኝ ብሎ ቢጣራ ዴይፎቡስ የለም። አማልክቱ እንደሸወዱት ያኔ ገባው። መሮጥ ከተፈለገ መሮጫው ያን ጊዜ ነበር። እሱ ግን ሰይፉን መዝዞ ወደ አኪለስ ተወረወረ። የለበሰው ጥሩር ከገደለው ከአኪለስ ወዳጅ ከፓትሮክለስ ሬሳ ላይ የገፈፈው፣ የራሱ የአኪለስ ጥሩር ነበር። አኪለስ አንገቱ ሥር ክፍት ቦታ አየና በጦር ወጋው።

ስለዚህ ማኪያቶውን ወንድምህ ይክፈል። ሮጧል፣ አልክድም። ፈሪ ግን ብቻውን መሆኑን ካወቀ በኋላ ወደፊት አይሄድም።

ደግሞ እዚያ ላይ ማንበብ እንዳታቆም፤ ክፍሉን ጨርሰው። ሚስቱ አንድሮማኬ ጓዳ ተቀምጣ እየሸመነች ነው። ምንም የነገራት የለም። ባሏ ከጦር ሜዳ ሲመለስ ገላውን እንዲታጠብ ብላ ገረዶቿን በትልቅ ሰታቴ ውሃ አስጥዳለች። በቅጥሩ በኩል ዋይታ ሲሰማ መወርወሪያው ከእጇ ወደቀ።