ነዳጁ የጁባ፣ ቧንቧው የካርቱም፦ ጥያቄና መልስ

አወያይ፦ ዛሬ የሚመልሱልን በነዳጅ ንግድ ሂሳብ ብዙ ዓመት የሠሩ፣ ካርቱምም ጁባም የኖሩ አባላችን ናቸው። ርዕሱ የተፈጥሮ ሀብትን ወደ ውጭ መሸጥ አገርን ምን ያደርጋል የሚል ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ጀምሩ።

የአዋሬ ልጅ፦ ጋሼ፣ ደቡብ ሱዳን ያን ሁሉ ነዳጅ ይዛ ለምን ደኸየች?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። በ2011 ስትገነጠል የአንድነቷ ሱዳን የነዳጅ ምርት ሦስት አራተኛው የእሷ ሆነ። ጉድጓዱ ወደ ጁባ ሄደ። ቧንቧው፣ ማጣሪያውና ፖርት ሱዳን ካርቱም ዘንድ ቀሩ። የጁባ መንግሥት ገቢ 98 በመቶ ገደማ ከነዳጅ ነበር። ያ ሁሉ ገቢ ባሕር የሚደርሰው የተለያትን አገር ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ነው።

ካርቱም ለማስተላለፊያ በበርሜል ከ30 ዶላር በላይ ጠየቀች። ጁባ ከአንድ ዶላር በታች አቀረበች። ካርቱም "ያልተከፈለኝን በዓይነት እወስዳለሁ" ብላ ነዳጁን መውሰድ ጀመረች። ጁባ 815 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ተወሰደብኝ አለች። በጥር 2012 ምርቱን ራሷ ዘጋችው። በቀን 350 ሺህ በርሜል ገደማ ቆመ። ብዙ ሰው ይህን እብደት ይለዋል፤ እኔ አልለውም። ቧንቧው በእጇ ላልሆነ አገር የቀራት ብቸኛ ጉልበት አለመላክ ነበር። ግን ካርቱም ሌላም ገቢ ነበራት። ጁባ አልነበራትም።

በመስከረም 2012 አዲስ አበባ ላይ ተፈራረሙ። እዚህ ላይ ቁጥሩን ልብ በሉልኝ። እንደ ቧንቧው ዓይነት በበርሜል 9 ዶላር ከ10 ሳንቲም ወይም 11 ዶላር ለማጣሪያና ለማስተላለፊያ። በላዩ ላይ ካርቱም በመገንጠሉ ላጣችው ገቢ 15 ዶላር፣ 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እስኪሞላ። ባጠቃላይ 25 ዶላር አካባቢ ነው፤ ነዳጅ ቢወደድም ቢረክስም። በርሜል 100 ዶላር ሲሸጥ ይህ አያምም። በ2016 መጀመሪያ ዋጋው ከ30 ዶላር በታች ወረደ። የደቡብ ነዳጅ ደግሞ ሰም የበዛበት ስለሆነ ከገበያው ዋጋ ቀንሶ ነው የሚሸጠው። ምን ቀረ? ከዚያ በኋላ ነው ክፍያው ከዋጋው ጋር ዝቅ እንዲል የተስማሙት።

ስለዚህ አደራ፦ የበርሜል ዋጋ የመንግሥት ገቢ አይደለም። ዜና ላይ ዋጋውን በምርቱ እያባዛችሁ "ይህን ያህል ቢሊዮን አላቸው" አትበሉ።

ተማሪ ነኝ፦ የተፈጥሮ ሀብት እርግማን ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ቀጣይ።

ሳሪስ፦ እንዲህ መዝለል አይቻልም ጋሼ። ኖርዌይ ነዳጅ ስታገኝ የተማረ ሕዝብና በቅጡ የሚሠራ መንግሥት ነበራት። ለድሃ አገር ግን እርግማን ነው።

የመርካቶው፦ ቦትስዋናስ? በ1966 ነጻ ስትወጣ ከዓለም ድሆች አንዷ ነበረች። ትልቁ የኦራፓ አልማዝ የተገኘው በዓመቱ ነው።

ሳሪስ፦ ሕዝቧ ትንሽ ነው፤ ያ ነው የጠቀማት።

የመርካቶው፦ ነዳጅ እያላት ሕዝቧ ድሃ የሆነው የኢኳቶሪያል ጊኒ ሕዝብስ ብዙ ነው እንዴ?

መልስ፦ አገር እየቆጠራችሁ አትከራከሩ። የገንዘቡን መንገድ ተከተሉ። ቦትስዋና ከአልማዝ ኩባንያው ዴ ቢርስ ጋር ግማሽ በግማሽ ኩባንያ ይዛ ገንዘቡን ወደ መንገድና ትምህርት ቤት መራችው። ኖርዌይ ኤኮፊስክ የሚባለውን የነዳጅ ቦታ ያገኘችው በ1969 ነው። የቁጠባ ፈንዱን ሕግ ያወጣችው በ1990፣ የመጀመሪያውን ገንዘብ ያስገባችው በ1996። ሃያ ሰባት ዓመት! ገንዘቡም ውጭ አገር ነው የሚቀመጠው፤ አገር ውስጥ ሁሉም ከተረጨ የራሷ ገንዘብ ይወደድና ሌላው ላኪ ይከስራል። ጁባ ደግሞ ነገ የምታወጣውን ነዳጅ ዛሬ ሸጣ በላችው። ልዩነቱ ያ ነው። እርግማን የሚባለው ቃል ገንዘቡን ያወጡትን ሰዎች ከተጠያቂነት ነጻ ያደርጋቸዋል። ለዚህ ነው የማልወደው።

ጥያቄ አለኝ፦ ስለ ነዳጅና ፖለቲካ በአጠቃላይ ቢያብራሩልን?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ አይደለም ወንድሜ። የቱ አገር? የትኛው ዓመት? ለይተህ ተመለስ።

ከናይሮቢ፦ ለምን በኬንያ በኩል ቧንቧ አልሠሩም? የኬንያው ላሙ ወደብ ተብሎ ነበር።

መልስ፦ ተብሎ ነበር። ምርቱ በተዘጋ በሁለተኛው ወር የኬንያው ኪባኪ፣ የደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ ኪርና የኛው መለስ ላሙ ላይ ተገናኝተው ፕሮጀክቱን አስጀመሩ። የወደቡ የመጀመሪያ መቆሚያ በ2021 ሥራ ጀመረ። የደቡብ ሱዳን ቧንቧ ግን አልተሠራም። ምክንያቱ ገንዘብ ነው። ቧንቧ የሚያበድር ባንክ "ለሃያ ዓመት በቀን ስንት በርሜል ታስገባለህ?" ብሎ ይጠይቃል። በታኅሣሥ 2013 የእርስ በርስ ጦርነቱ ተነሳ፤ ምርቱ ወደ 160 ሺህ አካባቢ ወረደ። በዚህ ላይ ማን ያበድራል? ነዳጁም ሲቀዘቅዝ ይረጋል። መንገዱን ሙሉ ማሞቅ አለብህ። የካርቱሙ ግን ተሠርቶ ያለቀ ነው። መጥፎም ቢሆን ያለው እሱ ነው።

የመርካቶው፦ ደቡቦቹ ድንበር ላይ ያለውን የሄግሊግ ነዳጅ ቦታ ቢይዙት ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ደቡቦቹ ፓንቱ ይሉታል፤ የደቡብ መሬት ነው።

ሳሪስ፦ ሄግ ባለው የግልግል ፍርድ ቤት በ2009 ተፈርዷል፤ የሰሜን ነው።

የመርካቶው፦ ፍርዱን አንብበኸዋል?

መልስ፦ ሁለታችሁም አላነበባችሁትም። ፍርዱ ሄግሊግን ሁለቱ ከሚወዛገቡበት ከአብዬይ ክልል ውጭ አደረገው። የማን እንደሆነ አልወሰነም። ደቡብ በሚያዝያ 2012 በጦር ያዘችውና በዓለም ጫና በቀናት ውስጥ ወጣች። ደግሞስ ብትይዘውስ? ነዳጁ አሁንም በፖርት ሱዳን ነው የሚወጣው! ጉድጓድ መያዝ መውጫ መያዝ አይደለም። ይህን ክርክር እዚህ ይብቃን።

ከዶሃ፦ ሰላም ጋሼ። ኳታር በ2017 በጎረቤቶቿ ስትዘጋ እዚህ ነበርኩ። ሱፐርማርኬቱ ለጥቂት ቀን ባዶ ሆነ እንጂ አገሩ አልናወጠም። ለምን?

መልስ፦ እህቴ፣ የዛሬው ምርጥ ጥያቄ ያንቺ ነው። ኳታር አብዛኛውን ጋዟን አቀዝቅዛ፣ ፈሳሽ አድርጋ በመርከብ ነው የምትልከው። መርከብ የጎረቤት መሬት አይረግጥም፤ ጃፓንም ኮሪያም ይሄዳል። ከዚህ የሚገርመው ግን ዶልፊን የሚባለው ቧንቧ ነው። ከኳታር ወደ ኤምሬትስ ጋዝ ይወስዳል። ኤምሬትስ ኳታርን ከዘጉት አገሮች አንዷ ሆና ሳለ ቧንቧው ለአንድ ቀንም አልተዘጋም። ኤምሬትስ ከመብራቷ ከፊሉን በዚያ ጋዝ ታመነጫለች። ኳታርም ብትዘጋው አስተማማኝ ሻጭ የሚለውን ስሟን ታጣለች። ስለዚህ ኤምባሲ ተዘግቶ ጋዝ ይፈስ ነበር። ጉልበት ማለት ይኼ ነው፤ ሌላው ሳይጎዳ ሊተውሽ የማይችል ሲሆን። የኳታርም መርከብ ቢሆን በሆርሙዝ ጠባብ ባሕር ነው የሚወጣው። ያ ደግሞ ጭንቀቷ ነው።

የጂግጂጋው፦ የኛ የኦጋዴኑ የካሉብ ጋዝስ?

መልስ፦ ከተገኘ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ወደ ጅቡቲ ቧንቧ ከመዘርጋት ይልቅ ጎዴ ላይ ለታቀደው ማዳበሪያ ፋብሪካ መዋሉ ይሻላል ባይ ነኝ። መውጫ አያስፈልገውም፤ ገበሬያችን ገዥ ነው።

የአዋሬ ልጅ፦ ወርቅስ?

መልስ፦ ወርቅ ቧንቧ አይፈልግም፤ በኪስ ይሄዳል። ለዚህ ነው መንግሥት በሚገዛበት ዋጋና በጥቁር ገበያው መካከል ያለው ልዩነት ሲሰፋ የሚጠፋው። ሱዳን ነዳጁን ስታጣ ወደ ወርቅ ዞረች። አሁን በሱዳን ጦርነት ያሉት ሁለቱም ተዋጊዎች ከእሱ ይበላሉ። ሌላውን የሚያውቅ ይመልስ፤ የኔ ሙያ አይደለም።

ስም የለሽ፦ ታዲያ ደቡብ ሱዳን በላሙ በኩል ብትልክስ?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። ሳታነቡ አትጠይቁ፣ እባካችሁ።

ሒሳብ ሠራተኛ፦ ነዳጅ አስቀድሞ መሸጥ ያሉትን ያብራሩልኝ። እዚያ ላይ ነው ያልገባኝ።

መልስ፦ እሺ። መንግሥት ለደመወዝ ገንዘብ ቸግሮታል። የነዳጅ ነጋዴ ኩባንያ ይመጣል፤ "ዛሬ ገንዘብ ልስጥህ፣ ከወራት በኋላ በጭነት ትከፍለኛለህ" ይላል። ወለድና ክፍያ አለው። ውሉ ብዙ ጊዜ በአደባባይ አይታይም፤ ፓርላማም አያየውም። ጭነቱ ሲደርስ ገንዘቡ ድሮ አልቋል። ስለዚህ ሌላ ብድር ይወሰዳል። በወረቀት ላይ አገሪቱ ትሸጣለች፤ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ግን የሚገባ የለም። የበርሜል ዋጋ ገቢ አይደለም ያልኩት ለዚህም ጭምር ነው።

የዚህን ክፋት በ2024 አየነው። ትልቁ ቧንቧ፣ አብዛኛውን የደቡብ ነዳጅ የሚያወጣው፣ በየካቲት ሱዳን ውስጥ ተሰበረ። የሚያልፈው ጦርነት መሐል ነው። ለግፊት ጣቢያዎቹ ናፍጣ አልደረሰም፤ ነዳጁ ቧንቧው ውስጥ ረጋ። ካርቱም ነዳጁን ማስተላለፍ ከአቅሜ በላይ ነው ብላ አወጀች። ያ አዋጅ የተነሳው በጥር 2025 ነው። እስከዚያ የጁባ አስተማሪና ወታደር ለወራት ደመወዝ ሳያገኝ ቆየ። በጀት ላይ ያስቀመጡት ቁጠባ አልነበረም፤ የመጪው ምርት በከፊል አስቀድሞ ተሽጦ ነበር። ቧንቧው ሲጠገንም መጀመሪያ ተራ የጠበቀው አበዳሪው ነው፤ ደመወዙ ከእሱ በኋላ።