ምሳ፣ ጀልባና የወር ብር፦ ለኦቲዝም ማዕከል እርዳታ ላሰቡ አንባቢዎች

ጥያቄ፦ አሥራ ሁለት ሆነን የማርያም ማኅበር እንጠጣለን። ዘንድሮ ለዳግማይ ትንሣኤ ድግሱን ትተን፣ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆችና አዋቂዎች የሚውሉበት ማዕከል ሄደን ምሳ ልናበላ ተስማምተናል። ዶሮ አለ፣ የጣና ዓሣ አለ፣ ቡናውም በወጉ ይፈላል። የጎደለ ካለ ንገሩን። (የማኅበሩ ሙሴ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ሐሳባችሁ የተባረከ ነው። የጎደለ የለም፤ የሚቀነስ ግን አለ።

ቢያንስ ከሳምንት በፊት ለማዕከሉ አስተባባሪ ደውሉና ማን ምን እንደሚበላ፣ ምሳ በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ስንት እንግዳ ማስገባት እንደሚችሉ ጠይቁ። ከልጆቹ ብዙዎቹ የሚቀምሱት ምግብ በጣት የሚቆጠር ነው። ከነጭ ዳቦ ሌላ የማይነካ አለ፤ ወጥ እንጀራውን ካራሰው ሰሃኑን የሚገፋ አለ። ቅብጠት አይደለም። ሽታው፣ ልስላሴው፣ ቀለሙ ለእነሱ ከእኛ ይልቅ ይጎላል። ስለዚህ ወጡ በትንሽ ሰሃን ለብቻው፣ እንጀራው ለብቻው ይቅረብ፤ ደረቅ ዳቦና ነጭ ሩዝም ተጠባባቂ ይሁን። ምሳቸው 6 ሰዓት ከሆነ 6 ሰዓት ላይ ይቅረብ። ንግግርና ምስጋና ገብቶበት 7 ሰዓት ተኩል ከሆነ፣ ለሰዓቱ የለመደ ልጅ ቀኑን ሙሉ አይረጋጋም። የሚጥል በሽታ ኖሮባቸው መድኃኒት በሰዓቱ የሚወስዱም ስለሚኖሩ ፕሮግራሙን አስተባባሪዋ ትምራው።

ዓሣውን ለቤታችሁ አስቀሩት። አጥንት የተሰነቀረበትና መናገር የማይችል ልጅ ያለቅሳል ወይም ራሱን ይመታል፤ ያየ ሰው ደግሞ "አመሉ ተነሣበት" ብሎ ያልፈዋል። ፈንዲሻም ይቅር፤ ሳይታኘክ ስለሚዋጥ ያንቃል። ቄጠማ አትጎዝጉዙ፤ የማይበላ ነገር ወደ አፍ የመክተት ልማድ ያለባቸው ልጆች እያነሡ ያኝኩታል። ቡናው ከግቢው ጥግ፣ ከልጆቹ ርቆ ይፈላ፤ ዕጣን ግን አይጨስ። ፊኛም አትንፉ፤ መቼ ይፈነዳል የሚለው ስጋት ብቻውን ጆሮ የሚያስይዛቸው አሉ።

አሥራ ሁለታችሁም አትግቡ። ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ ግቡና እልልታውን በር ላይ ጨርሱት። ልጁ ራሱ ካልቀረባችሁ አትቀፉት፣ አትሳሙት። የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ሳይገኝ ፊት የሚያሳይ ፎቶ አይነሣ፤ ፌስቡክ ላይ የተለጠፈ ፎቶ ልጁ ካደገም በኋላ አይጠፋም።

በፋሲካ ሰሞንና በዓለም የኦቲዝም ቀን በመጋቢት 24 እንግዳ ይበዛል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ በር የሚያንኳኳ ግን የለም። እኛን ካማከራችሁ የድግሱን ብር ግማሹን ለክረምቱ አቆዩት።

ጥያቄ፦ በየወሩ ጥቂት ብር መስጠት እፈልጋለሁ። ለደመወዝ ይውላል ሲሉኝ ግን ከፋኝ፤ ለልጆቹ እንዲሆን ነበር የፈለግሁት። (መምህርት፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ አይክፋዎት። እዚያ ቤት ደመወዝ ማለት ልጆቹ ናቸው። ጥርስ መቦረሽ የሚማር ልጅ አጠገቡ አንድ ሰው መቀመጥ አለበት፤ እጁን ይዞ ይጀምርለታል፣ ከዚያ ክርኑን ብቻ ይነካል፣ በመጨረሻ በምልክት ብቻ ያስታውሰዋል። ይህ ወራት ይወስዳል፤ ተንከባካቢዋ በየሁለት ወሩ ከተቀየረች ደግሞ እንደገና ከዜሮ ነው። ስለዚህ ዓመት የሚዘልቅ ትንሽ ብር፣ አንዴ ከሚመጣ ብዙ ብር ይሻላል፤ በእሱ ሰው መቅጠር ይቻላልና።

ብሩን በድርጅቱ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ እንጂ በግለሰብ ሒሳብ አያስገቡ፤ ደረሰኝም ይቀበሉ። የምዝገባ የምስክር ወረቀቱንና ያለፈውን ዓመት የሒሳብ ሪፖርት አሳዩኝ ቢሉ ነውር የለውም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የቆመ (ከአባላቱ ውጪ ሌሎችን የሚረዳ) ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ልጁን የምታስተምረው ሠራተኛ ደመወዝ የፕሮጀክት ወጪ እንጂ አስተዳደራዊ ወጪ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሞተር ጀልባ አለኝ። ልጆቹን በነጻ ጣና ላይ ላንሸራሽራቸው እፈልጋለሁ። (ባለ ጀልባ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ደስ የሚል ስጦታ ነው፤ ግን በአንድ ቀን አይሆንም። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ውሃ ይስባቸዋል፤ ሲጠሩ ዞር የማይሉም አሉ። ሁለቱ ሲገናኙ አደጋ ነው።

በመጀመሪያ ላይፍ ጃኬቶቹን ከሳምንት በፊት ለማዕከሉ ይስጡ፤ ወፍራምና ጠባብ ነገር የማይወድ ልጅ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ እየለበሰ ይልመደው። ልኩ የሚመረጠው በዕድሜ ሳይሆን ጃኬቱ ላይ በተጻፈው ኪሎ ነው። በትከሻው ወደ ላይ ሲሳብ አገጩን ካለፈ ሰፍቶታል።

ቀጥሎ ስድስት ፎቶ ያንሡ፦ ባጃጁ፣ ወደቡ፣ ጃኬቱ፣ ጀልባው፣ ውሃው፣ ተመልሶ ማዕከሉ። የኢንተርኔት ፎቶ አይሆንም፤ የራስዎ ጀልባ፣ ቀለሙም ያው። ፎቶ ኮፒ ቤት ላሚኔት ያስደርጓቸውና በቬልክሮ (ተጣብቆ በሚላቀቅ ጨርቅ) አንድ ካርቶን ላይ በተራ ይለጠፉ፤ አንዱ ነገር ባለቀ ቁጥር ልጁ ፎቶውን ይነቅላል። የመጨረሻዋ ፎቶ እንዳትረሳ፤ መመለሻውን ያላየ ልጅ ጀልባው ላይ ይጨነቃል።

በመጀመሪያው ቀን ጀልባው ታስሮ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ልጆቹ ይቀመጡና ይውረዱ። በሁለተኛው ቀን እንደታሰረ ሞተሩን ያስነሡት። ብዙውን ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው በዚህ ድምፅ ነው፤ ጆሮ መሸፈኛ ይዘጋጅ፣ መቀመጫቸውም ከሞተሩ ርቆ ወደ ፊት ይሁን። ጉዞው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ስለሚነሣ ጠዋት ይሁን፣ ከ20 ደቂቃ አይብለጥ፣ ዳር ዳሩን ብቻ። ዘጌ ሩቅ ነው፤ ወደ ዓባይ መውጫ ከሄዱም ጉማሬ ልናሳያቸው ብላችሁ አትጠጉ። ለአንድ ልጅ አንድ አዋቂ ይመደብ፤ ከእነዚህ ሌላ ልጅ ያልተመደበለት፣ ሥራው ልጆቹን መቁጠር ብቻ የሆነ አንድ ሰው ይኑር። እርስዎ መሪውን ስለያዙ ከአዋቂዎቹ አይቆጠሩም።

ጥያቄ፦ ዳቦ ቤት አለኝ። ማዕከሉ ውስጥ ለሚውል የ24 ዓመት ወጣት አሻንጉሊት ልወስድለት ነበር፤ ሌላ የሚሻል አለ?

መልስ፦ አለ፤ ሥራ ይስጡት። ዳቦ በፌስታል ማሸግ ጥሩ መጀመሪያ ነው። አሥር ቦታ የተሰመረበት ትሪ ያዘጋጁለት፤ ሁሉም ቦታ ሲሞላ አሥር መሆኑን ሳይቆጥር ያውቃል። ደንበኛ ከሚጋፋበት ሰዓት ውጪ በቀን አንድ ሰዓት ይጀምር፤ የሚያዘውም ሁልጊዜ አንድ ሰው ይሁን። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ በፎቶ ይታየው፤ አለዚያ ምድጃው የቆመ ቀን እሱም ግራ ይገባዋል። ክፍያው እንደ ሌላው ሠራተኛ ይሁን፣ በራሱ እጅም ይቀበል።