የታሪክ መምህሩ 5፣ የጤና ባልደረባቸው 21

ጥያቄዎን ላሳጥረው። ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ያቀረቡት ማመልከቻ ከአንዲት የኅብረተሰብ ጤና መምህርት ማመልከቻ ጎን ተቀመጠ፤ የእርሷ ኤች-ኢንዴክስ (የተመራማሪን ሥራ በጽሑፎቹና በተጠቀሱበት ብዛት የሚለካ ቁጥር) 21፣ የእርስዎ 5 ስለሆነ ምርምርዎ ተጽዕኖ እንደሌለው ተነገረዎት። ተገቢ ነው ወይ ብለዋል። አይደለም። የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጫለሁ፤ ቁጥሩን ጠረጴዛ ላይ የሚያኖረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ እንዴት እንደሚሰላ አያውቅም።

21 ማለት 21 ጽሑፎች እያንዳንዳቸው ቢያንስ 21 ጊዜ ተጠቅሰዋል ማለት ነው። መለኪያውን እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው በሳንዲያጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሊቅ ሆርሄ ሂርሽ ነው። የሕይወት ሳይንስ ሰዎች ቁጥር ከፊዚክስ ሰዎች ቁጥር ከፍ እንደሚል እርሱ ራሱ በዚያው ጽሑፍ ጠቁሟል፤ ኮሚቴዎቻችን ይህን ገጽ የዘለሉት ይመስለኛል። ለታሪክ ሰው ደግሞ ስሌቱ ይብሳል፤ ቁጥሩ ካሳተሙት ሥራ ብዛት ከቶ ሊበልጥ አይችልምና። ታደሰ ታምራት ከ1270 እስከ 1527 ስለነበረው ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1972 ኦክስፎርድ ላይ ታተመ። ያንን ዘመን የሚያጠና ሰው እስከ ዛሬ ይጠቅሰዋል። በዚህ ሚዛን ግን ያ ሁሉ ጥቅስ ተደምሮ የሚያወጣው 1 ብቻ ነው። ገዳም ለገዳም ዞረው ብራና የመረመሩበት መጽሐፍና የሦስት ገጽ አጭር ዘገባ እኩል አንድ አንድ ሆነው ይቆጠራሉ። ጤፍን በክንድ መለካት ይሉታል ይህን።

የባልደረባዎን ሥራ ማሳነሴ አይደለም። የጤናው ዘርፍ አሠራር ግን ሌላ ነው። ዓለም አቀፉ የበሽታዎች ጫና ጥናት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሲታተም የደራሲዎቹ ስም በመቶዎች ይቆጠራል፤ በርካታ ኢትዮጵያውያንም አሉበት። ጽሑፉ በሺዎች ሲጠቀስ ጥቅሱ ለደራሲዎቹ አይከፋፈልም፤ ለእያንዳንዱ ሙሉው ይመዘገባል። በፊዚክስም እ.ኤ.አ. በ2015 የሂግስ ቅንጣትን ክብደት ያስታወቀው የሰርን (የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል) ጽሑፍ ከ5 ሺህ በላይ ደራሲዎች ነበሩት። ጥቅስ መብዛቱም የግኝትን ታላቅነት አያሳይም። ኔቸር መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2014 ብዙ የተጠቀሱትን 100 ጽሑፎች ሲዘረዝር ከላይ የተቀመጠው ኦሊቨር ላውሪ በ1951 ስለ ፕሮቲን መለኪያ ዘዴ የጻፈው ነበር፤ ከ300 ሺህ ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። የዲኤንኤን ቅርጽ የገለጠው የ1953ቱ ጽሑፍ በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ወደ ኮሚቴው ከመመለስዎ በፊት ግን 5 የተባለው ራሱ ትክክል መሆኑን ይመርምሩ። የእኛ ስም ጥቅስ ለሚቆጥሩት ማሽኖች አይመችም። የኢትዮጵያ ጥናት ጆርናሎች በራስዎ ስም ይጠቅሱዎታል፤ የውጭው ጆርናል የአባትዎን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ የእርስዎን ወደ አንዲት ፊደል ያሳጥረዋል። ፀጋዬን የመሰለ ስም ደግሞ በላቲን ፊደል እንደ ጸሐፊው ፈቃድ ይለዋወጣል። አንድ ሰው እንዲህ ሦስት ሰው ሆኖ ጥቅሱ ይበተናል። በዓ.ም. የታተመ ሥራ ዓመቱ ሳይለወጥ እንደ አውሮፓውያን ዓመት ተመዝግቦ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጀ ሲመስልም አይቻለሁ። የምርምር ጽሑፎችንና ጥቅሶቻቸውን በሚፈልገው ጉግል ስኮላር ላይ የራስዎን ገጽ ይክፈቱ፤ የተበተኑትን መዝገቦች ያዋህዱ፤ ኦርኪድ (ORCID) የተባለውን የተመራማሪዎች መለያ ቁጥር ያውጡ፤ ከእንግዲህ ስምዎን በአንድ አጻጻፍ ብቻ ያስገቡ። በአማርኛ መጻሕፍት ውስጥ የተጠቀሱበትን ግን ማሽኑ ብዙውን አያገኘውም፤ ገጹን ፎቶ ኮፒ አድርገው ከማመልከቻው ጋር ያያይዙት።

ከዚያ በቁጥር ብቻ አይከራከሩ። ስለ መጽሐፍዎ በጆርናል የታተመ ግምገማ ካለ ያቅርቡ፤ ማን ለምን ጉዳይ እንደጠቀሰዎት በሁለት ገጽ ይጻፉ፤ የየትኛው ዩኒቨርሲቲ ኮርስ ማንበቢያ እንደሆነም ይጨምሩ። በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ የታሪክ ተባባሪ ፕሮፌሰሮችን ቁጥር ከእርስዎ ጎን ያስቀምጡ፤ ፍትሐዊው ንጽጽር እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ምርምር ምዘና የወጣው የላይደን ማኒፌስቶ ከአሥሩ መርሆዎቹ በአንዱ የዘርፎች የኅትመትና የጥቅስ ልማድ ልዩነት ከግምት እንዲገባ ይጠይቃል፤ ያንን አንቀጽ አትመው ይያዙ። አሁንም 21ን ካነሱብዎ፣ የውጭ ገምጋሚዎቹ ከታሪክ ዘርፍ እንዲመረጡ በደብዳቤ ይጠይቁ፤ ጥያቄዎም በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሰፍር ያድርጉ።