ሁለት ዓመት ኮድ ከጻፉ በኋላ ክፍል መግባት ያዋጣል?

«ከዩቲዩብ ተምሬ ሁለት ዓመት ፕሮግራመር ሆኜ ሠራሁ። አሁን ኮምፒውተር ሳይንስ ማታ ልማር ወይስ ጊዜዬን ላባክን ነው?» ላልከው ወንድሜ፣ እኔም የጀመርኩት እንዳንተው ነው። ኤክስቴንሽን የገባሁት ሦስት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ነው።

ያስገባኝ አንድ ሥራ ነው። ሁለት የደንበኞች ዝርዝር ተሰጠኝ፤ እያንዳንዱ 40,000 ስም አለው። በሁለቱም ውስጥ ያሉትን ማውጣት ነበረብኝ። በፓይተን ቋንቋ ሉፕ (ድግግሞሽ) ውስጥ ሉፕ ጻፍኩ፤ የአንዱን ዝርዝር እያንዳንዱን ስም ከሌላው ስሞች ሁሉ ጋር ያስተያያል። በየዙሩ ደግሞ ስሙን ከትርፍ ስፔስ ያጸዳል። ለቅቄው ምሳ ወጣሁ፤ ስመለስ አሁንም እየሮጠ ነው። «ሰርቨሩ ደካማ ነው» ልል ስል አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ አየችውና «እስቲ 40,000ን በ40,000 አባዛው» አለችኝ። 1.6 ቢሊዮን! አንዱን ዝርዝር ሃሽ ቴብል (ስም ስትጠይቀው ሁሉንም ሳያስስ በቀጥታ የሚያገኝ የዳታ አቀማመጥ) ውስጥ ከተተችው፣ ሌላውን አንድ ጊዜ ብቻ አሳለፈችው። ወንበሬን ሳላስተካክል አለቀ።

ጎግል ማድረግ አቅቶኝ አይደለም። ስሙን የማላውቀውን ነገር ምን ብዬ ልፈልግ? ክፍል ገብቼ ያገኘሁት በዋናነት ይኼን ነው፤ የችግሮቹን ስም። ሁለት ሰዎች በአንድ ቅጽበት ከአንድ ሒሳብ ብር ቢያወጡ ምን እንደሚፈጠር፣ ዳታቤዝ ኮርስ ላይ ትራንዛክሽን (ተያያዥ ሥራዎችን ሌላው ሳይገባባቸው እንደ አንድ መፈጸም) እስክንማር ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር። ዳታ ስትራክቸርና ኦፐሬቲንግ ሲስተምም እንደዚያው ጠቅመውኛል። ኮድ በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ ጽፎ መፈተን ግን ለምን እንደሚያስፈልግ ዛሬም አልገባኝም።

ደግሞ ዲግሪ ሁሉን አይሸፍንም። የዚያች የተማረች ልጅ ውጤት ፈጣን ነበር፣ ግን ጎደሎ። አንዱ ዝርዝር ላይ «ኃይሉ»፣ ሌላው ላይ «ሀይሉ» ተብሎ የተጻፈው ሰውዬ አልተገናኘም። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ዩኒኮድ (ኮምፒውተር ፊደላትን በቁጥር የሚያውቅበት ሥርዓት) ላይ ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር አላቸው። ይቺን የያዝኳት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት የአማርኛ ፍለጋ ሠርቼ ስለተቃጠልኩባት ነው እንጂ ማንም አላስተማረኝም።

ውጭ አገር የመሥራት ሐሳብ ካለህ ነገሩ ሌላ ነው። ለምሳሌ የአሜሪካው ኤች ዋን ቢ የሚባለው የባለሙያዎች የሥራ ቪዛ የመጀመሪያ ዲግሪ ወይም ከዚያ እኩል የሚቆጠር ነገር ይጠይቃል። ያኔ ወረቀቱ ራሱ ያስፈልግሃል።

ካልሆነ ግን ከመመዝገብህ በፊት አንድ ነገር ሞክር። የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ የአልጎሪዝም (ችግርን ደረጃ በደረጃ የመፍቻ ስልት) መግቢያ ኮርሱን ቪዲዮውንም የቤት ሥራውንም ኢንተርኔት ላይ በነፃ ለቆታል። ብቻህን እስከ መጨረሻው ከዘለቅክ አትመዝገብ፣ የትምህርት ክፍያው ኪስህ ይቅር። እኔ ሁለት ጊዜ ጀምሬው ሁለቴም ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው የተውኩት፤ ለዚህ ነው የተመዘገብኩት።