"ከ30 ዓመት በላይ ተሻግረንበታል" ማለት ለምን አይበቃም?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ከለገሃር ጀርባ ነው። ወደ ዋናው አስፋልት የምንወጣው የድሮውን የባቡር ሐዲድ በሚያቋርጥ መንገድ ነው። ከ30 ዓመት በላይ ተሻግረንበታል። ባቡርም አያልፍበትም። በቅርቡ ሰዎች መጥተው "የባቡር ይዞታ ነው" ብለው በቆርቆሮ አጠሩት። በይርጋ መብታችን አይደለም ወይ? መክሰስ እንችላለን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የላኩልኝን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ኮብልስቶኑ እስከ ሐዲዱ ጠርዝ ይመጣና ከሐዲዱ ማዶ ይቀጥላል። በስተግራ በሩ የተከፈተ ጋራዥ አለ፤ ደጁ ላይ አይሱዙ ቆሟል። ጥያቄዎ ውስጥ ግን ስለ ጋራዡ አንድም ቃል የለም። የእርስዎ ነው? ከሆነ ለሚይዙት ጠበቃ ከመጀመሪያው ቀን ይንገሩት። ተማሪና አዛውንት በእግር የሚሻገሩበት መንገድና የጭነት መኪና መግቢያ ፍርድ ቤት ፊት አንድ አይደሉም። "እኛ ነዋሪዎች" ብላችሁ ከሳችሁ ጋራዡ በኋላ ብቅ ካለ፣ የጎረቤቶችዎ እውነተኛ ችግርም አብሮ ይጠረጠራል። ይሄ ያሳዝነኛል።

ሌላም አለ። የቆርቆሮው አንድ ጥግ ተገንጥሏል። ማን እንደገነጠለው አልጠይቅዎትም። ከእንግዲህ ግን ማንም እንዳይነካው። ከሳሽ ሆናችሁ ልትቀርቡ ስትችሉ በንብረት ማበላሸት ተከሳሽ ትሆናላችሁ።

አሁን ወደ "ይርጋ" ልምጣ፤ ረጅም ጊዜ በመያዝ ብቻ መብት ይገኛል ወደሚለው ማለቴ ነው። እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዞ ቢሮዬ የሚመጣ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ቃል ይዞ ነው የሚገባው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1168 ለ15 ዓመት በተከታታይ ግብር እየከፈለ ስለያዘ ሰው ይናገራል። እናንተ ለመንገዱ ግብር አልከፈላችሁም፤ ተሻገራችሁ እንጂ። ዋናው ግን ይሄ አይደለም። ቁጥር 1446 የባቡር ሐዲድን ለሕዝብ አገልግሎት ከተመደቡ የመንግሥት ሀብቶች ይቆጥረዋል። ቁጥር 1455 ደግሞ እንዲህ ያለ ሀብት በይርጋ አይገኝም ይላል። 30 ዓመት ቢሆን 60 ዓመት ለውጥ የለውም። ባቡር መቆሙም ብቻውን ቦታውን ከዚያ ምድብ አያወጣውም።

ጉዳቱ ከዚህም ይብሳል። ክሳችሁን በይርጋ ስትጀምሩ "ቦታው የሌላ ነው፣ እኛ ግን ስንመላለስበት ኖረናል" ብላችሁ በገዛ እጃችሁ ጻፋችሁ ማለት ነው። መሸነፍ የሚጀምረው እዚያች መስመር ላይ ነው። ቁጥር 1446ን መልሰው ያንብቡት። ከባቡር ሐዲዱ ጋር መንገድና ጎዳናም ተጠቅሷል! ስለዚህ ክርክራችሁ "የእኛ ነው" ሳይሆን "ይህ ራሱ የሕዝብ መንገድ ነው" ይሁን። ያኔ ጥያቄው ይለወጣል፤ የሕዝብን መንገድ ማን ወሰነና ዘጋው? በምን ሥልጣን? ውሳኔው በጽሑፍ የታል? እርስዎ የጻፉልኝ "ብለው አጠሩት" ብቻ ነው። በቃል የተባለ ነገር ይዞ ፍርድ ቤት አይገባም። ማመልከቻ ጽፋችሁ አስገቡ፣ ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም አስመቱ፣ መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ።

የቀረውን ባጭሩ ልበል። ብዙ ሆናችሁ ከሆነ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 38 ፍርድ ቤቱን አስፈቅዶ ጥቂት ሰው ለሁሉም መክሰስ ይችላል። "ሁከት ይወገድልኝ" የሚለው ክስ፣ ማለትም ይዞታዬን የሚያውክ ድርጊት ይቁምልኝ የሚለው፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 መሠረት በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። ለእናንተ ይሠራል አይሠራም የሚለውን ግን ሰነዶቹን ያየ ጠበቃ ይወስን። እኔ ከፎቶ ብቻ አልወስንም። የአስተዳደር አቤቱታም የራሱ ቀነ ገደብ ስላለው አትዘግዩ፤ አጥሩ የቆመበትን ቀን ዛሬውኑ ጻፉት።

ጠበቃ ጋ ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የአካባቢውን ፕላን ከወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት በማመልከቻ ጠይቁ፤ መንገዱ እዚያ ላይ ተስሎ ከሆነ ግማሹ ሥራ አለቀ። የቤት ካርታችሁ ላይ መውጫው በየት በኩል እንደተሳለም እዩ። ከሁሉ በፊት ግን ኮብልስቶኑን ተከታተሉ። ያ ድንጋይ ሐዲዱ ጋ ደርሶ ማዶ የቀጠለው እንዲያው አይደለም፤ ያሠራው አካል መንገድ ብሎት ነው። ወረዳው ካሠራው ውል አለ፤ ነዋሪው ካዋጣ ደረሰኝ አለ። ያኔ ገንዘብ የሰበሰቡት የኮሚቴው ሰዎች ዛሬም ሰፈር ውስጥ ካሉ፣ ዛሬ ማታ ቤታቸው ሄደው ደረሰኙን እንዲፈልጉ ይጠይቋቸው።