ለድልድይ ጥናት ጠያቂዋ እኅታችን፦ ገመድና ድንጋይም ይበቃሻል

«የመመረቂያ ጽሑፌን በድልድዮች የረጅም ጊዜ ይዞታ ላይ ልሠራ አስቤአለሁ፤ ሴንሰር የለኝም፣ ያለኝ ጊዜም አንድ ዓመት ነው፤ ልተወው ወይ?» ብለሻል። አትተዪው። በጅማ ዙሪያ ድልድይ ስፈትሽ አሥራ አራት ዓመት አልፎኛልና ያየሁትን ልንገርሽ።

የጠቀስሽው፣ የድልድዮችን የረጅም ጊዜ ይዞታ የሚያጠናው የአሜሪካኖቹ የሃያ ዓመት መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ2008 ሲጀመር ቅድሚያ የሰጠው መኪና ለሚሄድበት የድልድይ ኮንክሪት ወለል ነበር። በክረምት በረዶ ለማቅለጥ የሚበትኑት ጨው ወደ ውስጥ ሰርጎ ፌሮውን ያዝገዋል። ጅማ ላይ ጨው የሚበትን የለም፤ በዓመት 1,500 ሚሊሜትር ያህል የሚዘንብበት አገር ጠላቱ ውሃ ነው። ስለዚህ ርእሳቸውን ተዪና ልማዳቸውን ውሰጂ፦ ያንኑ ድልድይ፣ ያንኑ ነጥብ፣ በአንድ ዓይነት መንገድ ደጋግሞ መለካት።

ይህ ቀላል እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ2001 እዚያው አሜሪካ በታተመ ጥናት 49 ፈታሾች ተመሳሳይ ድልድዮችን እንዲያዩ ተደርገው፣ ከ0 እስከ 9 በሚሄደው የይዞታ መለኪያ ለአንዱ የድልድይ ክፍል በአማካይ አራት አምስት ዓይነት ውጤት ሰጥተዋል። እኔም 0.3 ሚሊሜትር ብዬ የመዘገብኩትን ስንጥቅ በዓመቱ አንድ ባልደረባዬ 0.2 ብሎ ጻፈው። ስንጥቁ አልዳነም፤ እርሱ የለካው አንድ ክንድ ያህል ወረድ ብሎ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ የለካሁበትን ቦታ ምልክት አላደረግሁበትም።

አሁን ወደ ገመዱ። በድልድዩ መከለያ ላይ፣ ከየምሰሶው አናት፣ ቀይ ምልክት አድርጊ። ጫፉ ላይ ድንጋይ የታሰረበት፣ ሜትር የተመለከተበት ገመድ ከዚያ ወደ ወንዙ ወለል ልቀቂና ጥልቀቱን መዝግቢ፤ አንዴ ዝናቡ ሳይጠነክር፣ አንዴ ካባራ በኋላ። በምሰሶው ሥር ያለው ወለል ወርዶ ካገኘሽው ጎርፉ መሠረቱን እየሸረሸረ ነው። አንድ ተንኮል ግን አለው፦ ጎርፉ ሲጎድል የቆፈረውን ጉድጓድ በደለል መልሶ ይሞላዋል፤ ድንጋይሽም «ደህና ነው» ይልሻል። ውሃው ሲጎድል፣ ብቻሽን ሳትሆኚ፣ ዳር ባለው ምሰሶ ሥር የብረት ዘንግ ሰክተሽ ፈትኚ። ያለ ድካም ጥልቅ ብሎ ከሄደ የቆምሽው በተሞላ ጉድጓድ ላይ ነው።

ለድልድዩ የኮንክሪት ወለል መዶሻ ይበቃል። ጤነኛ ኮንክሪት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ከውስጥ የተላቀቀው እንደ ባዶ ቅል ያስተጋባል። ያንን በጠመኔ ክበቢና ፎቶ አንሺ። የውሃ ማስወጫ ቱቦዎቹንም እግረ መንገድሽን እዪ፤ እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ በጭቃና በሣር የተደፈኑ ናቸው። አካፋ ያላነሳ ሰው ስለ ሴንሰር ሲያወራ ያናድደኛል፤ ይቅርታ።

በአንድ ዓመት የለውጥ መስመር አታገኚም፤ የመነሻ ልኬት ግን ታገኛለሽ። ቁጥሮቹን ከነምልክቶቹ ቦታ ለትምህርት ክፍልሽ አስረክቢ፤ የሚቀጥለው ተማሪ ከዚያ ይነሳል። ቀዩን ምልክት ደግሞ በዘይት ቀለም ቀቢው፤ የእኔን የመጀመሪያ ምልክት ዝናቡ በአንድ ክረምት አጥቦ ወስዶታል።