ሁለቱ ካርዶች

ልጆቼ፣

ጅማ ውስጥ 31 ዓመት መድኃኒት ስቆጥር ኖሬያለሁ። ጡረታ ከወጣሁ 3 ዓመት ሆነኝ። ሰፈሬ ግን ጡረታዬን አልተቀበለውም። ዛሬም ኪኒን ጨብጦ "እትዬ፣ ይሄ ከምግብ በፊት ነው በኋላ?" ብሎ በር የሚያንኳኳ አይጠፋም። "ዶክተር" የሚሉኝም አሉ። እኛ አገር ከፋርማሲ መስኮት ጀርባ የቆመ ሁሉ ዶክተር ነው።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጥያቄው ተለወጠ። የሚመጡት ወጣቶች ናቸው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ባጃጅ ነጂ፣ ገና ሥራ የጀመረች የባንክ ሠራተኛ። ኪኒን ሳይሆን ስልክ ይዘው ነው የሚመጡት። ቲክቶክ ከፍተው ያሳዩኛል። "ቁልፍ ይጠፋብሃል? ሻይ ጥደህ ትረሳለህ? የሰው ወሬ ታቋርጣለህ? በቃ፣ ኤዲኤችዲ አለብህ።" ቀልብ አልሰበሰብ፣ አካል አላርፍ የሚልበትን ችግር ማለታቸው ነው። ከዚያ ቀና ብለው ያዩኛል። "እትዬ፣ ይሄ እኮ እኔ ነኝ።"

አልስቅባቸውም። እኔም ነኛ።

ያወቅሁት በ54 ዓመቴ ነው። የእህቴ ልጅ ትምህርት ቤት አላስቀምጥ ብሎ አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ተወሰደ። እኔ አጃቢ ነበርኩ። ሐኪሟ እህቴን ትጠይቃታለች። የጀመረውን ይጨርሳል? ዕቃ ይጥላል? ሲያናግሩት ሌላ ቦታ ያለ ይመስላል? እህቴ ስትመልስ ቆየችና ድንገት ወደ እኔ ዞራ ሳቀች። "ዶክተር፣ ይሄ እኮ የእሷ ታሪክ ነው!" እኔ በዚያች ደቂቃ መስኮቱ ላይ ያረፈችውን ወፍ እያየሁ ነበር። ጥያቄውን እንኳ በቅጡ አልሰማሁትም።

ሐኪሟን አልገረማትም። ነገሩ በዘር ይሄዳል፣ እንደ ቁመት። መንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በሰዎች መካከል ካለው ልዩነት 70 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው ከውርስ እንደሚመጣ ያሳያሉ። ስለዚህ "እናቱ አቀማጥላ ነው"፣ "ስኳር አብዝቶ ነው" የሚባለውን ተዉት። የስኳሩ ነገር በተለይ ተፈትሾ ውድቅ ሆኗል። ደግሞ ሴቶች ሆይ፣ ወንዶቹ ዴስክ ላይ ሲወጡ ይታያሉ። እኛ ጸጥ ብለን መስኮት ስለምናይ "ጨዋ ልጅ" እንባላለን። ጨዋ እየተባልን እናረጃለን።

ታዲያ በዚህ ቀልብ እንዴት መድኃኒት ቆጠርሽ ትሉኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የሁለት ሕመምተኞችን ፌስታል አቀያይሬ ልሰጥ ስል አንድ አዛውንት ባልደረባዬ እጄን ያዙኝ። አልጮሁብኝም። ማዘዣውን አስቀምጠው "ጣትሽን ስሙ ላይ አድርጊ፣ ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢ" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ ድረስ እያንዳንዱን ማዘዣ በጣቴ እየነካሁ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ኪኒኑንም አምስት አምስት እያደረግሁ፣ ድምፄን አውጥቼ። መስኮቱ ጋ የቆመው ሰው "ጸሎት ታደርጋለች እንዴ?" ይል ነበር። ይበል። እኚያ ሰውዬ የችግሬን ስም አያውቁም ነበር። መላውን ግን ሰጡኝ።

አሁን ወደ ስልካችሁ ልመለስ። ስሙን ካልተጠነቀቃችሁ ፍለጋው ራሱ ያደናግራል። እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች ኤዲዲ ብለው ሰየሙት። በ1987 ኤዲኤችዲ ሆነ። ሁለቱን ስታገኙ ሁለት የተለያየ በሽታ አይምሰላችሁ። በእኛ ቋንቋ ስሙ ገና አልረጋም። የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር የሚሉ አሉ። ስድቡ ግን ድሮም አልጎደለን። ቀልበ ቢስ፣ ዝንጉ፣ ቀዥቃዣ።

ቪዲዮዎቹን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የካናዳ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ስለ ኤዲኤችዲ በብዛት የታዩ 100 የቲክቶክ ቪዲዮዎችን መርምረው 52ቱን አሳሳች ብለዋቸዋል። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ውሸታሞች ናቸው ለማለት አይደለም። ብዙዎቹ የሚናገሩት ሰው ሁሉ የሚደርስበትን ነገር ነው። ሻይ ጥዶ ያልረሳ ማን አለ? እኔ አንድ ምንጭ ሳነብ መጀመሪያ የማየው "ይህ ሲሆን ኤዲኤችዲ አይደለም" የሚል ቦታ እንዳለው ነው። ሁሉንም ሰው የሚያስገባ በር በር አይደለም። ጠንከር ያለ ነገር የፈለገ እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም የኤዲኤችዲ ፌዴሬሽን ያወጣውን የስምምነት ሰነድ ይፈልግ። 208 ነጥቦች በማስረጃ ተደግፈው ተዘርዝረውበታል። እንግሊዝኛው ይከብዳል፣ ግን የሚሸጥላችሁ ነገር የለም። ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር የተዘጋጀ አጭር የአዋቂዎች መጠይቅም አለ። ስድስት ጥያቄ ነው፣ በአምስት ደቂቃ ይሞላል። የሚነግራችሁ ግን "ሐኪም ብታይ ጥሩ ነው" የሚለውን ብቻ ነው። ከዚያ አያልፍም።

አብልጣችሁ ልትፈልጉት የሚገባው መረጃ ግን ኢንተርኔት ላይ የለም።

ከአዲስ አበባ ስመለስ እዚሁ ጅማ ካርድ አውጥቼ ሐኪም ፊት ቀረብኩ። ያነበብኩትን ሁሉ ዘረገፍኩለት። በትዕግሥት አዳመጠኝና "ልጅነትሽን የሚያውቅ ሰው በሕይወት አለ?" አለኝ። ደነገጥኩ። እሱ የፈለገው የእኔን ንባብ አይደለም። ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መጀመራቸውን ነበር ማወቅ የፈለገው። በቤትም በትምህርት ቤትም፣ ቢያንስ በሁለት ቦታ መታየታቸውን። ሁለት የምልክት ዝርዝሮች አሉ፣ አንዱ የትኩረት፣ ሌላው የመቅበጥበጥና የችኮላ፣ እያንዳንዱ ዘጠኝ ዘጠኝ። ልጅ ከአንዱ ስድስት ያስፈልገዋል፣ 17 ዓመት ለሞላው አምስት ይበቃል። ግን መቁጠሩ ብቻውን ምንም አይደለም። ኑሮን ማበላሸት አለበት። ዘንድሮ የጀመረ መዘንጋት ሌላ ምክንያት አለው።

እናቴ ያኔ 80 አልፏታል። ቡና እያፈላች ጠየቅኋት። ብዙ አላሰበችም። "ላምባ ልኬሽ ነበር" አለችኝ። ከ40 ዓመት በላይ ያለፈውን፣ እንደ ትናንት። "ሂርማታ ገበያ ላምባ ልኬሽ አወቱ ወንዝ ዳር ልጆች ሲዋኙ እያየሽ አገኘንሽ። ጠርሙሱም በእጅሽ፣ ሳንቲሙም በእጅሽ። ቤቱ ጨለማ።" ሲኒውን አቀበለችኝና ቀጠለች። "በማግስቱ ላክሁሽ። ያን ቀን ጠርሙሱንም ጣልሽው።" ከዚያ ተነስታ ሳጥኗን ከፈተች። የልደት ሰርተፍኬት፣ የአባቴ ፎቶ፣ ከሥራቸው ደግሞ የ5ኛ ክፍል ካርዴ። የመምህሩ አስተያየት በሰማያዊ ቀለም፣ "ብትፈልግ ትችላለች። ልቧ ክፍል ውስጥ የለም።"

ሐኪሙ ያን ካርድ እንደ ላቦራቶሪ ውጤት ነው ያየው። ገልብጦ ጀርባውን ሁሉ አነበበ።

ስለዚህ የሆስፒታል ካርድ ከማውጣታችሁ በፊት የትምህርት ቤት ካርዳችሁን ፈልጉ። እናታችሁን፣ አያታችሁን፣ ታላቅ እህታችሁን ጠይቁ። "ልጅ ሳለሁ ምን ዓይነት ነበርኩ?" በሉ እንጂ "ቀልበ ቢስ ነበርኩ አይደል?" አትበሉ። እናቶች ልጃቸውን ለማስደሰት አዎ ይላሉ። ጻፉት። ጽፋችሁም እዚያው ቦርሳችሁ ውስጥ ክተቱት፣ ነገ ትረሱታላችሁና።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ የዚህ ከተማ ነገር ስለሆነ ልለፈው አልችልም። ጫት።

ባለፈው ክረምት አንድ ተማሪ መጣ። "እትዬ፣ ስቅም ልቤ ይረጋል። ሌሊቱን ሙሉ አነባለሁ። ሳልቅም ገጽ አላገላብጥም። ይሄ ማረጋገጫ አይደለም?" አይደለም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ዘመድ ነው። ኮባ ተጠቅልሎ፣ ጠዋት ተቆርጦ ከሰዓት የሚቃመው ለምን ይመስላችኋል? ካቲኖኑ ቅጠሉ ሲጠወልግ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይከስማል። ይህን ዓይነት ንጥረ ነገር የወሰደ ሰው፣ ኤዲኤችዲ ኖረውም አልኖረውም፣ ለጊዜው ይነቃል። ምርቃና ምርመራ አይደለም። ቀጥሎ ያለውን ደግሞ ታውቁታላችሁ። እንቅልፍ የለም፣ አንዳንዱ ጨብሲ ይጨምርበታል፣ በማግስቱ ቀልቡ ይበተናል፣ ለመሰብሰብ ደግሞ ጫት። እንዲህ የከረመን ልጅ ማንም ሐኪም በአንድ ቀን ለይቶ ማወቅ አይችልም። ስለዚህ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ስንት ጊዜ፣ ምን ያህል እንደምትቅሙ ሳትሸሽጉ ተናገሩ። አይቆጣም፣ ቢቆጣም ይለፍላችሁ። ምናልባት መድኃኒት ካዘዘላችሁ ሁለቱ ተደራርበው ልብና የደም ግፊት ላይ ነው የሚያርፉት።

መምሰል የሚችል ሌላም ብዙ ነገር አለ። ደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ፣ ድብርት፣ ጭንቀት፣ ልጁ ለጥቂት ሰከንድ ፍዝዝ ብሎ የሚመለስበት የሚጥል በሽታ ዓይነት። አንድ ልጅ አውቃለሁ፣ ሁለት ዓመት "አይሰማም" እየተባለ የተገረፈ። እውነትም አይሰማም ነበር። ጆሮው ይመግል ነበር።

የት እንሂድ ለምትሉኝ፣ ጤና ጣቢያ ጀምሩ፣ ሪፈር ጻፉልኝ በሉ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ከአጋሮም ከሊሙም ሰው ወደዚያ ነው የሚላከው። አዲስ አበባ አማኑኤል አለ፣ ግን 350 ኪሎ ሜትር ያህል ከመጓዛችሁ በፊት ቤታችሁ አጠገብ ያለውን እዩ። "ወረፋው ላይ ሰው ቢያየኝስ?" የሚለውን ፍርሃት አውቀዋለሁ። እኔም ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ ነው የተቀመጥኩት። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ጎረቤቴ ሆና ተገኘች። እሷም ተሸፍናለች። ጸበል የሚወስዷችሁ፣ ዱዓ የሚያስደርጉላችሁ ወላጆች ካሉ አትጣሏቸው። ሐኪሙንም ጨምሩበት።

ስለ መድኃኒት ብዙ አልልም፣ የሐኪማችሁ ሥራ ነው። ዋናው ሜቲልፌኒዴት ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ሊያንድሮ ፓኒዞን የተባለ የሲባ ኩባንያ ኬሚስት ሠራው፣ በሚስቱ በሪታ ስምም ሪታሊን ተባለ። (ባለቤቴ በስሜ አንድ ሽሮፕ እንኳ አልሰየመልኝም።) ብዙ ሰው ይረዳል፣ ሁሉንም አይደለም። ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ስለሆነ በየፋርማሲው መደርደሪያ አታገኙትም። ከውጭ በሻንጣ መጣ እየተባለ በጓደኛ በኩል የሚሸጠውን ግን እባካችሁ አትንኩ። ምን እንደሆነ፣ ስንት ሚሊግራም እንደሆነ፣ ልባችሁ ይቻለው አይቻለው ማንም አልመረመረም።

ቀሪው የኑሮ መላ ነው። በሬ አጠገብ ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማ አለኝ። ማንም አይቀመጥበትም። ነገ ይዤው የምወጣው ነገር ሁሉ ማታ እሱ ላይ ይደረጋል፣ ቁልፍ፣ መነጽር፣ የመብራት ደረሰኝ። ልጅ ልጆቼ "የእማማ ጭንቅላት" ይሉታል። ሰውም መላ ነው። ብቻዬን ቅጽ መሙላት አልችልም፣ ጎረቤቴ ሹራቧን ይዛ አጠገቤ ስትቀመጥ ግን እሞላዋለሁ። አንዲት ቃል አትረዳኝም። መኖሯ ይበቃኛል። እናንተም ላይብረሪ ውስጥ ጎበዝ አስረጂ ከምትፈልጉ ዝም ብሎ የሚያነብ ሰው ፈልጋችሁ ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። መምህራችሁንም ከፊት መቀመጥ፣ ትልቁን ሥራ ቆራርጦ ማስረከብ እንደምትፈልጉ ንገሩት። አንዳንዱ "ሰበብ ነው" ይላል። ሌላውን ጠይቁ።

ያ የጫቱ ተማሪ ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። ለበዓል አገሩ ገብቶ ነበር። እናቱ የ3ኛ ክፍል ካርዱን ከጣራው ሥር አግኝታለታለች። ግማሹን አይጥ በልቶታል። ውጤቱ የለም፣ ደረጃው የለም፣ የትምህርት ቤቱ ማኅተም እንኳ ግማሽ ነው። የመምህሩ አስተያየት ግን ተርፏል። በስልክ አነበበልኝ፣

"ልጁ ጎበዝ ነው፤ ወንበሩ ላይ ግን አይገኝም።"

"ይዘኸው ና" አልኩት።